ምስማር መምታት ክልክል ነው፤ ጂፕሰሙ ግን በብር ይታሰባል

በአዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ የራሱ ቋንቋ አለው። «ፉል ፊኒሺንግ»፣ «ዘመናዊ ኢንቲሪየር የተሠራለት»፣ «ጂፕሰም ኮርኒስ ያለው»፣ «ገብቶ መኖር ብቻ»። ፎቶው ላይ ጣሪያው ዙሪያውን በሰማያዊ መብራት ታጥሯል። ግድግዳው እብነ በረድ የሚመስል ፕላስቲክ ለብሷል። ሳሎንና ኩሽና ተዋህደው አንድ ሆነዋል። ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት ግድግዳ ከቤቱ ሁሉ በላይ ተሽሞንሙኗል። ከታች ዋጋው ይከተላል። ከዋጋው ቀጥሎ ደግሞ ቤቱን ሊያይ የሄደ ሰው ከደላላው አፍ የሚሰማው ዝርዝር ይመጣል፦ ልጅ ባይኖር ይመረጣል፤ እንጀራ መጋገር አይቻልም፤ እንግዳ አይብዛ፤ ምስማር መምታት ክልክል ነው።

እንግዲህ ልጅ የማያድግበት፣ እንጀራ የማይጋገርበት፣ ዘመድ የማያድርበት፣ የእናት ፎቶ የማይሰቀልበት ነገር በምን ሒሳብ ነው ቤት የሚባለው? አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ የቆየ ስም አለው፤ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ።

ክርክሩ ከውበት ጋር አይደለም። ደሃ ቆንጆ ቤት አይገባውም የሚል ሰው ካለ እሱ ሌላ ችግር አለበት። ክርክሩ የሰውን ኑሮ ሳይጠይቅ ግድግዳ ከሚያስጌጥ፣ ጌጡን ደግሞ በኪራይ ላይ ከሚጭን ልማድ ጋር ነው። የኪራይ ቤት የውስጥ ዲዛይን ዛሬ የሚሠራው ለሚኖርበት ሰው አይደለም። ለካሜራ ነው የሚሠራው። ካሜራ ደግሞ አይበላም፣ አይታጠብም፣ አይወልድም።

ነገሩ ከየት መጣ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ቤቶቹ ለባለዕድለኞች የሚተላለፉት ውስጣቸው ሳያልቅ ነበር። ወለሉ ሻካራ፣ ግድግዳው ያልተቀባ፣ አንዳንዱም የውስጥ በር የሌለው። ማጠናቀቁ የባለቤቱ ዕዳ ሆነ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ዋጋው እንዲቀንስ፣ ሰውም እንደ አቅሙና እንደ ኑሮው እንዲጨርሰው ነው። ቀለም ቀቢው፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ ጂፕሰም ሠሪው፣ ቁም ሳጥን ገጣሚው ሁሉ ከዚህ እንጀራ አገኘ።

ዳሩ ግን ብዙ ባለዕድለኛ ቤቱን አልኖረበትም፤ አከራየው። ያን ጊዜ «እንደ ኑሮው ይጨርሰው» የሚለው ሐሳብ ተገለበጠ። የሚጨርሰው ሰው የማይኖርበት፣ የሚኖርበት ሰው የማይጨርሰው ቤት ተፈጠረ። በዚህ ክፍተት መሀል ነው ዲዛይነሩ ከነስልኩ የገባው። ቲክቶክ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» እያለ ያሳያል። በፊት፦ ባዶ ብሎኬት። በኋላ፦ የሚያበራ ጣሪያ። «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ቪዲዮ ግን የለም። ያ ቪዲዮ ቢኖር የተላጠው ፕላስቲክ፣ ከጀርባው የጠቆረው ሻጋታ፣ ግማሹ የጠፋው የመብራት ገመድ፣ ኮርኒሱ ላይ የሚሯሯጠው አይጥ ይታይ ነበር።

ኩሽና የሌለው ኩሽና

ከሁሉ የሚከፋው ኩሽናው ነው። «ኦፕን ኪችን» የተፈጠረው ምግብ በአሥራ አምስት ደቂቃ ለሚሞቅበት ኑሮ ነው። እዚህ አገር ሽንኩርት ብቻውን ከዚያ በላይ ይቁላላል። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ኮረሪማው ሽታው ሶፋ ውስጥ ይገባል፤ መጋረጃ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ከተከራይዋ ኮት ጋር ቢሮ ድረስ ይሄዳል። ወጡ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ወጥ ለሚሠራ ሰው ግድግዳ ያፈረሰው ሰው ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ማለት አንድ ምጣድ ብቻውን የአንድ ተራ ሶኬት መስመር አቅም ይጨርሳል። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ወይም የውሃ ማፍያ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ብሬከሩ እንዳይወርድ በትልቅ ከተቀየረ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ መፍትሔውን ያውቃል፤ ለምጣድ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር መዘርጋት። ወጪው ጣሪያው ላይ ከተለጠፈው የጂፕሰም አበባ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ግን ሽቦ ፎቶ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ውይይቱ በየደጃፉ እንዲህ ይሆናል።

«እትዬ፣ ምጣዴን የት ላድርጋት?»

«እሷንስ እናትሽ ቤት ተያት፣ ልጄ።»

ልጅቷ እንጀራ ከሱቅ ትገዛለች። የቤተሰቡ ቁጥር አራት ከሆነ ይህ በየቀኑ የሚከፈል ሁለተኛ ኪራይ ነው። ዲዛይነሩ በሥዕሉ ላይ አንድ ሜትር ስለነፈጋት ወር በገባ ቁጥር ትከፍላለች። አከራይዋንም መኮነን ብቻ አይበቃም። እንፋሎቱ ጂፕሰሙን ያበላሸዋል፤ ጂፕሰም እርጥበት ይጠጣል። ማለትም መጀመሪያ እንጀራ የማይችል ጣሪያ ተሠራ፣ ከዚያ ጣሪያውን ለመጠበቅ እንጀራ ተከለከለ። ቤቱ ሰውን መጠበቅ ሲገባው ሰው የቤቱ ዘበኛ ሆነ።

የኮንዶሚኒየም ንድፍ ይህን ነገር ጨርሶ አልዘነጋውም ነበር። ለየብሎኮቹ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠርቷል፤ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ሠርግና ልቅሶ እንዲቀመጡበት። ዛሬ በአንዳንዱ ሳይት ያ ሕንፃ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኖ ይገኛል። የጋራው ቦታ ለግል ገቢ ሲሄድ የግሉ ቤት ደግሞ የጋራውን ሥራ መሸከም ነበረበት። የውስጥ ዲዛይን የሚባለው ሙያ ይህን ሸክም አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ውሃ በፈረቃ፣ ዲዛይን በምኞት

የአዲስ አበባ ሰው ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ያውቃል። ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ባልዲው የቤቱ ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው። ሁለት መቶ ሊትር በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፤ ከሁለት ጎልማሶች በላይ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ነገር ቦታ ይፈልጋል፣ ከሥሩ የውሃ መውረጃ ይፈልጋል፣ ሕፃን የማይደርስበት ክዳን ይፈልጋል። «ዘመናዊ» በተባሉት ቤቶች ሥዕል ላይ ግን አንድም ጀሪካን የለም። መታጠቢያ ክፍሉ በመስተዋትና በመስታወት ተጨናንቆ ባልዲ የሚቀመጥበት ስንዝር የለውም። ተከራዩ ሲገባ ጀሪካኖቹ ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ፤ ወይም አልጋ ሥር ይገባሉ፤ ወይም በረንዳው ይዘጋል።

ዲዛይን ያለውን ኑሮ ማደራጀት ነው። የሌለን ኑሮ መሳል ምኞት ይባላል። ምኞት መብት ነው፤ ግን ኪራይ አይጠየቅበትም።

ፀሐይን የዘጋ ጌጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፤ ሌሊት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ይህ ማለት በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ነፃ ምድጃ ነው። ቀን የገባው ሙቀት በሲሚንቶ ወለልና በግድግዳ ተቀምጦ ማታ ይመለሳል።

የኪራይ ቤት ጌጥ ይህን ምድጃ ያጠፋል። ቴሌቪዥን እንዳይንጸባረቅ ተብሎ መስኮቱ በከባድ መጋረጃ ይሸፈናል። ቀድሞውንም ዝቅ ያለው ጣሪያ በኮርኒስ 15 ወይም 20 ሳንቲም ይወርዳል፤ ቤቱ ይታፈናል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ይለጠፋል፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከጀርባው ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው የማይታይ ነው፤ የልጅ ሳል ግን ይሰማል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መብራት ይበራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያ ሁሉ ያሸበረቀ ጣሪያ እንደ ዋሻ ይጨልማል። የጥንቱ አቡጀዴ ኮርኒስ እንኳ ቢያንስ ይተነፍስ ነበር።

«ኢኮ» የሚለው ቃል

ሌላው የዘመኑ ነጠላ ዜማ «ኢኮ» ነው። ትንሽ ቤት፣ ዘላቂ ቤት፣ ለተፈጥሮ የሚስማማ ቤት። ቃሉ ደግ ነው። ችግሩ በቃሉ የሚሸጠው ነገር ነው። የብረት ኮንቴይነር ቀርከሃ የሚመስል ልጣፍ ሲለጠፍበት «ኢኮ» ይባላል፤ ሙቀት የሚከላከል ነገር ካልተደረገበት ግን ያ ብረት ቀን ምጣድ፣ ሌሊት ማቀዝቀዣ ነው። ሲሚንቶ ቤት ላይ የሣር ባርኔጣ ሲደፋበትም «ኢኮ» ይባላል።

ዘላቂ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠፍቶ ይቆማል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም፤ ካስፈለገም በሰው ትከሻ ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል። ቤቱ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ተከራይ ቁም ሳጥኑ እንኳ ከእሱ ጋር አይሄድም። የሐረሪ ቤት ሳሎን፣ ጊዲር ጋር የሚባለው፣ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት። መደቡ ወንበርም አልጋም ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቡፌም የመጽሐፍ ቦታም ናቸው። ቅርጫቱና ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጌጥ ይሆናል፤ ሲፈለግ ወርዶ ይሠራበታል። በአነስተኛ ካሬ ብዙ ሰው እንዴት ተከብሮ እንደሚኖር የሚያስተምር የውስጥ ዲዛይን ነው። የጁገል ግንብ ውስጥ ያለችው ሐረር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሣታል። ዲዛይነሩም ያነሣል፤ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን ኤል ሼፕ ሶፋ ያዛል።

ቀርከሃው አለ። የአዊና የሲዳማ ደጋ ያበቅለዋል፤ የሚሠራው እጅም አለ። ጭቃና ጭድም አለ። ሊሾ ወለልም አለ፤ በደንብ ከተሠራ ትውልድ የሚያሻግር፣ ሲቆሽሽ በውሃ የሚታጠብ፣ ከባሕር ማዶ ዶላር የማይጠይቅ። ዶላር የሚጠይቀው ልጣፍ በሁለት ዓመት ይላጣል፤ ቆሻሻ ሆኖ ይጣላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ዘላቂ» የሚለውን ስም የወሰደው ልጣፉ ነው።

የጋራ ቢሮውም ከዚሁ ነው

በሽታው ከመኖሪያ ቤት አልቀረም። በወንበር የሚከራዩት የጋራ ቢሮዎችም ያው ናቸው። ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ሲሚንቶ። ሦስቱም ድምፅ ይመልሳሉ፤ የአንዱ ስልክ የአሥሩ ስብሰባ ይሆናል። ወፍራም መጋረጃ፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ድምፅ ይውጣሉ። ዋጋቸው ከመስታወቱ ይረክሳል። ምሳ ዕቃ የሚሞቅበት ጥግ የለም፤ ሁለት ደቂቃ ዓይን የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ የለም። በእንግሊዝኛ «ጠንክረህ ሥራ» የሚል የመብራት ጽሑፍ ግን ግድግዳ ላይ አለ። እሱም መብራት ሲጠፋ ይጠፋል።

ተቃውሞዎቹ

የመጀመሪያው፦ «ባለቤቱ በገንዘቡ የፈለገውን ቢሠራ ማን ምን አገባው?» እውነት ነው፤ ለራሱ ከሆነ። የሚያከራየው ከሆነ ግን ገንዘቡ የእሱ ሆኖ አይቀርም፤ ከተከራዩ ኪስ በየወሩ ይመለስለታል። ከፋዩ ስለሚከፍልበት ነገር አስተያየት ቢኖረው ነውር የለውም።

ሁለተኛው፦ «ተከራይ ቤት ያበላሻል።» አንዳንዱ ያበላሻል። ግን የማይበላሽ ቤት መሥራት እያለ የሚበላሸውን ሠርቶ መጨቃጨቅ ምን ይባላል? ምስማር የሚፈራው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ አንድ የጣውላ ዘንግ ቢታሠር ፎቶውም፣ ሰፌዱም፣ ሥዕለ ማርያሙም እዚያ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ በምስማር የሚጣላ ሰው አይኖርም።

ሦስተኛው፦ «ወጣቱ ይወደዋል፤ ገበያው የፈለገው ይህንን ነው።» ገበያው ሌላ ምርጫ ሲቀርብለት ማን አይቷል? ሦስት ቤት አይቶ ሦስቱም ጂፕሰም የሆነበት ተከራይ ጂፕሰም መረጠ አይባልም። ያገኘው ውስጥ ገባ ነው የሚባለው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም እንደ አከራይ ስሜት እንዳይሆን ደንግጓል። ሕግ ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ይናገራል፤ ምጣድ የት እንደሚቀመጥ አይናገርም። ያ የሙያ ሥራ ነው። ሆኖም ሁለት ዓመት ትንሽ ጊዜ አይደለም። በሁለት ዓመት ልጅ ተወልዶ መራመድ ይጀምራል። በየስድስት ወሩ ለሚለቅ ሰው ግድግዳ ማስጌጥ ያስኬድ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ለሚቀመጥ ሰው ግን የሚሠራው ቤት ነው።

ስለዚህ ለማከራየት ቤት የሚያጠናቅቅ ሰው፣ ለእሱ የሚሠራ ዲዛይነርም፣ ጂፕሰም ከማዘዙ በፊት አምስት ነገር ይጨርስ።

1. ለምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ከላዩ የእንፋሎት መውጫ። ኩሽናው ተንሸራታች እንኳ ቢሆን በር ይኑረው።

2. ለውሃ ማስቀመጫ የተለየ ቦታ፤ ከሥሩ መውረጃ፣ ከፊቱ መዝጊያ።

3. በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ በአንድ ግድግዳ ላይ መስቀያ ዘንግ።

4. መስኮት የማይዘጋ፣ እርጥበት የማያፍን አጨራረስ። እርጥብ ግድግዳ መጀመሪያ ይድረቅ፤ ምክንያቱ ይታወቅ፤ ከዚያ ይቀባ።

5. የእንግዳ መኝታ የሚሆን መደብ። ቀን ጀበናና ረከቦት የሚቀመጥበት፣ ሌሊት ከክፍለ አገር የመጣ አጎት የሚተኛበት። ከሥሩ ብርድ ልብስ የሚገባበት ሣጥን።

ከእነዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ አበባም ይለጠፍ፣ መብራትም ይብራ፤ ማንም አይከለክልም።

ተከራዩም ዝም ብሎ አይግባ። ቤት ሊያይ ሲሄድ ጣሪያ ከማየቱ በፊት ብሬከሩን ይጠይቅ። መስኮቱን ከፍቶ ይዝጋ። የተለጠፈውን ፕላስቲክ በጣቱ ኳኳ አድርጎ ከጀርባው ባዶ መሆኑን ይስማ። ጀሪካኖቹ የት እንደሚቀመጡ ቆሞ ያስብ። ምጣድ፣ መስቀያና እንግዳ የሚባሉት ነገሮች በቃል ከሚቀሩ በውሉ ላይ ይጻፉ። ደላላው ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ እሱ እዚያ አይኖርም።

ዲዛይነሮች ደግሞ ሥራቸው እንዲከበርላቸው ከፈለጉ ፈተናው ቀላል ነው። ካሜራውን ቤቱ ባለቀ ቀን ሳይሆን ውሉ ባለቀ ቀን ይዘው ይምጡ። ሁለት ዓመት ወጥ የተሠራበት፣ ቡና የተፈላበት፣ ልጅ ግድግዳውን የነካበት፣ ዘመድ ያደረበት ቤት ያኔም የሚያምር ከሆነ ያ ዲዛይን ነው። ያኔ ቢለጥፉት ሰው ሁሉ ያየዋል።